ስለ ሸክላ ሥራና ስለ እሑድ መሰባሰቢያችን
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ጂንካ)



ስለ እሑድ መሰባሰቢያው አሳብ ማብራሪያ እንድሰጥ የማኅበሩ ሥራ አመራር አዝዞኛል። አጭር ይሁን ተብያለሁ፤ እሞክራለሁ። ነገሩ ይኸውላችሁ፦ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ተቀምጦ ሸክላ የሚሠራበት፣ ጭቃው እስኪጠነክርም የየቤቱ ዘፈንና ተረት የሚሰማበት ቦታ ይኑረን ነው። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት «የውኃው ጉዳይ ሳያልቅ ጭቃ ማቡካት ምን ይባላል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የውኃው ማመልከቻ በቦታው አለ፤ የሚከታተሉትም ሰዎች አልተለወጡም። ይህኛው ሥራ ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም አይነካም።

ለምን ሸክላ ተመረጠ ለሚለው ከራሴ ቤት ልጀምር። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ እወርድ ነበር። እናቴ ማሰሮ ስትመርጥ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ከንፈሩን ትዳብሳለች። ከዚያ የሻጭዋን ፊት እንኳ ሳታይ «ይኸ የዚያችኛዋ እጅ ነው፤ አያፈስም» ትላለች። ለብዙ ዓመት ከአንዲት ሴት ብቻ ነው የገዛችው። ያቺ ሴት አንድ ቀን ትልቅ ጋን ተሸክማ በጠራራ ፀሐይ እቤታችን ድረስ አመጣችልን። እናቴ ውኃ ሰጠቻት። ግን በር ላይ አቁማ ነው የሰጠቻት፤ ያውም በቅል፤ ስትጨርስም ቅሉን ይዛው እንድትሄድ ነገረቻት።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። የሠፈሩ ሁሉ ሥርዓት እንዲያ ነበር። እኔም የዚያችን ሴት ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋኑ ግን ዛሬም እኅቴ ቤት አለ፤ ጠላ ይጠመቅበታል።

እንግዲህ ይህ የእኛ ሠፈር ኃጢአት ብቻ አይደለም። በአሪ አገር ገበሬው ከሸክላ ሠሪውና ከቀጥቃጩ ጋር አይጋባም፣ አብሮ አይበላም ነበር። በሰሜኑም የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት፣ ቀጥቃጩን ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ሲያገሉ ኖረዋል። ያለ እነርሱ ማሰሮ የለም፣ ማረሻ የለም፤ ሆኖም በማረሻው ያረሰው፣ በማሰሮው የበላው ሰው ነው የሚጸየፋቸው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ስለ እኩልነት ብዙ ተነግሯል፤ ሕጉም ተለውጧል። የቡና ስኒ ግን በአዋጅ አይታዘዝም። ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚህ የተቀመጥነው ሰዎች የየእድራችንን መዝገብ በልባችን እንግለጥ። ስንት ሸክላ ሠሪ አለበት? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለየራሳችሁ ያዙት።

ሸክላ ሠሪዎቻችን ምን እንደሚያውቁ ከእኛ ይልቅ የውጭ ሰው ጠይቆ መረዳቱ ትንሽ ያሳፍራል። ሞሪዬ ካኔኮ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪ ከአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጋር ለዓመታት ተቀምጠው ሥራቸውን አጥንተዋል። በአሪ ቋንቋ «አኒ» ማለት እጅ ነው። ሴቶቹ ግን ቃሉን ለአንዲት ሠሪ የራስዋ ለሆነው አሠራርም ይናገሩታል፤ ገዢውም በዚያው ይመርጣል። እናቴ «የዚያችኛዋ እጅ» ስትል የነበረው ይኸንኑ ነው ማለት ነው! ማሽከርከሪያ የለም፤ በእጅ ብቻ ይሠራል። ሴት ልጅ ገና በትንሽነቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትጀምራለች፤ እናትየውም እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ እያለች አትጨቀጭቃትም። ልጅቷ የራስዋ እጅ አላትና። አስተማሪ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ዛሬ ከፕላስቲክ ጀሪካንና ከአልሙኒየም ድስት ጋር ነው ገበያ ላይ የሚወዳደረው። ሴቶቹ ሲከስሩ እናያለን። ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ሲገቡ የእናታቸውን ሥራ ይደብቃሉ። ልጅ የእናቱን ሥራ ሲደብቅ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቢሆንም የሐኪሞቹንም ነገር ልጥቀስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ኪነ ጥበብ ለጤና ያለውን ጥቅም በሚመለከት ከ3000 በላይ ጥናቶችን የመረመረ ዘገባ አውጥቶ ነበር። መዝፈን፣ መጨፈር፣ በእጅ መሥራት፣ በተለይም ከሰው ጋር ሆኖ መሥራት ጭንቀትንና ብቸኝነትን እንደሚያቀልል አስፍሯል። ከገጠር ወደ ልጆቻቸው ቤት መጥተው፣ ቋንቋቸውን የሚያወራላቸው አጥተው፣ ቀኑን ሙሉ አጥር ሥር የሚቀመጡ እናቶች በሠፈራችን አሉ። ታውቋቸዋላችሁ።

ኪነ ጥበብ በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ማን ለማን ይሠራዋል የሚለው ነው። የእኔ ዘመን ሰዎች የቀበሌ ኪነትን ታስታውሳላችሁ። የምንዘፍነው ከላይ የታዘዘውን ነበር፤ እሱን አልናፍቅም። ነገር ግን የማይተዋወቅ ቤት ልጅ አንድ ክራር ተጋርቶ ሲማር ያመሸበት ጊዜ ያ ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን የብሔረሰቦቻችንን ጭፈራ ይዞ ዓለምን ሲዞር ተኩራርተናል፤ መድረክ ላይ ያሉት ግን የሠለጠኑ ባለሙያዎች ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስም ልጆቻችን ተመርጠው፣ ለብሰው፣ ጨፍረው ይመለሳሉ፤ በማግሥቱ ልብሱ ይታጠፋል። በዓሉን አልነቅፍም። እኛ የምንፈልገው የማይታጠፍ ነገር ነው።

የፎቶግራፉም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ወደ ሙርሲ፣ ወደ ሐመር የሚሄደው እንግዳ በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየከፈለ ያነሣል፤ ተነሺውም ለብሩ ሲል ይቆማል፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ነገሩ ሲገለበጥ ግን ሌላ ነው። ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ የተባለው የሙርሲ ተወላጅ ካሜራውን ራሱ ይዞ ከቤን ያንግ ጋር «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቷል። የሙርሲን ነገር ሙርሲው ሲናገር ማለት ነው።

ከእኛም ኮረብታ ላይ ምሳሌ አለ። የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ጀርመናዊው ኢቮ ሽትሬከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያቋቋሙት ነው። እዚያ ከልዩ ልዩ የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የመጡ ሴቶች ተሰባስበው ስለ ልጅነት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ክብራቸው እርስ በርስ የተወያዩበት ዐውደ ጥናት ተካሂዷል። እስቲ እጅ አውጡ፤ ከዚህ ውስጥ ያንን ሙዚየም ገብቶ ያየ ስንት ነው? (ሰባት ሰው እጅ አወጣ።) ጎብኚ ከጀርመን ይመጣል፤ እኛ ግን ዳገቷን መውጣት አቅቶናል።

አንድ ምሳሌ ከአዲስ አበባ ልጨምር፤ ለጊዜው ርዝመት ስለሚጠቅመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ መምህር የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ትልቅ ትርኢት አሠራ። ትርኢቱ አለቀ፤ ጭብጨባውም አለቀ። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ከልጆቹ መካከል ጥቂቶቹ ተመርጠው ለዓመታት ሠለጠኑና «አዱኛ» የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተቋቋመ። በኋላም እነርሱ ራሳቸው ሌሎችን፣ አካል ጉዳተኞችንም ጭምር፣ አስተማሩ። ከዚያ ቡድን የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ የራሳቸውን የውዝዋዜ ቡድን እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። በአንድ ቀን ትርኢት ቢቀር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ የእኛን በአንድ እሑድ አንጨርሰው። አሳቡ ለአንድ ዓመት ነው። ቅዳሜ አልተደረገም፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። የምንጀምረው በጥር ነው፤ ዝናብ ባለበት ሰሞን ሸክላ አይደርቅም። ሁለት ሸክላ ሠሪ እናቶችን አነጋግረናል። በእንግድነት አይደለም የሚመጡት፤ በመምህርነት ነው፤ የቀናቸውም ዋጋ ከማኅበሩ ይከፈላቸዋል። አንደኛይቱ ስናነጋግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ቡና ትጠጣላችሁ ወይ?» አለችን። እንጠጣለን አልናት። «ከእኔ ጋር?» አለች።

ምን ልበላችሁ፤ ለጥቂት ጊዜ መልስ ያጣነው ሦስታችንም ነን። ከዚያ አዎን አልናት። እንግዲህ በእናንተም ስም ነው ቃል የገባነው። ስለሆነም ያን ቀን የሚፈላው ቡና በአንድ ረከቦት፣ በአንድ ዓይነት ስኒ፣ በአንድ ዳስ ሥር ነው። ለመምህራኑ ለብቻ የሚቀመጥ ስኒ አይኖርም፤ ዳር ላይ የሚዘረጋ መቀመጫም አይኖርም። ይህን የማይችል ሰው ካለ አንቀየመውም፤ ግን ያን ቀን ባይመጣ ይሻላል። ይህ አሳብ በሥራ አመራሩ ውስጥም አከራክሯል፤ አልደብቃችሁም። በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው ያለፈው።

የቀረው ዝርዝር ነው። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከእድር እንዋሳለን። አፈሩን ከሚቆፈርበት ቦታ የሚያመጡ ጉልበት ያላቸው ስድስት ወጣቶች ያስፈልጋሉ፤ አፈሩን የሚመርጡት ግን መምህራኑ ናቸውና «ይኸም አፈር ነው» ብላችሁ ከመንገድ ዳር ዝቃችሁ እንዳትመጡ። ማሰሮው ሲደርቅ ከሳምንታት በኋላ በሜዳ ላይ ይተኮሳል፤ የሚሰነጠቅ ይኖራል፤ ልጆች እንዳያለቅሱ ከወዲሁ ንገሯቸው። እሳቱ እስኪበርድ ባለው ጊዜ የአሪ፣ የማሌ፣ የበና፣ የጎፋ፣ የአማራ፣ የወላይታ፣ ማንኛችንም ከቤታችን ያለንን ዘፈንና ተረት እናሰማለን። ድምፄ አያምርም የሚል ሰው ከእኔ ጎን ይቀመጥ። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ሠሪዋን ይጠይቅ፤ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው።

ስማችሁን ለጸሐፊው እስከ ወሩ መጨረሻ አስመዝግቡ። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ እንዳትመጡ፤ ጭቃ ነው።