የተጣለን ቡችላ ስለ ማሳደግና ለሌላ ቤት ስለ ማስረከብ



የቡና መገኛ እየተባለች በምትወሳው በካፋዋ ማንኪራ የተጣለ ቡችላ አንሥቶ የሚያሳድግ ሰው፣ ከጓሮው ቀጥሎ ያለው ጫካ የዱር አራዊት መኖሪያ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። ያልተከተበ ውሻ የሚያስከትለው ጥፋት በባሌ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል።

ስለዚህ ምግብና ማደሪያ ብቻውን አይበቃም። የከሳ ቡችላ ጥቂት በጥቂቱ ይመገብ፤ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ለሌላ ቤተሰብ ሲሰጥም የክትባት ወረቀቱ አብሮት ይሂድ። ጅራቱን የሚቆላ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ቢነክስ ቁስሉ ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና።