የወሎ ንብና ከጥገኛ ተባይ ጋር የሚመጣው ቫይረስ



ሰሜን ወሎ ስሙ ከንብ ጋር የተሳሰረ አገር ነው። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚሁ እንደ ወጣ በትውፊት ይነገራል። ዛሬ ግን በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ንብ አናቢ ክንፏ ተጨማድዶ ከቀፎው ደጃፍ የምትድህ ንብ ቢያይ ምን ሊያደርግ ይገባዋል የሚለው ነው።

ክንፍ አጨማዳጁ ቫይረስ በምግብም፣ ከንግሥቲቱ በእንቁላልም ይተላለፋል። ብቻውን ሲሆን ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። ነገሩን የለወጠው ቫሮዋ የተባለው መዥገር መሰል ጥገኛ ነው። ቀድሞ በእስያ ንብ ላይ ይኖር የነበረው ይህ ጥገኛ በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ እኛ ንብ ዝርያ ተሻገረ። ወደ እጯ ክፍል ገብቶ ከታሸገ በኋላ ሙሽሬዋን ሲመጥ ቫይረሱን በሰውነቷ ውስጥ ይጨምራል። በሃዋይ ቫሮዋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተገኘ በኋላ፣ ጥገኛው በሰፈረባቸው ስፍራዎች ቫይረሱ ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 100 በመቶ መድረሱን በ2012 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም።

ቫሮዋ በአገራችን በትግራይ ተገኝቷል፤ ትግራይ ደግሞ የሰሜን ወሎ ጎረቤት ነው። ሆኖም ድንጋጤ አያሻም። በኬንያ ቫሮዋ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢገኝም፣ በ2014 የታተመው ጥናት ሦስት ቫይረሶችን ቢመዘግብም የመንጋ እልቂት አላሳየም። በኢትዮጵያ ንብ ላይ በ2019 የታተመ ጥናትም የጥገኛውን መራባት የሚገቱ ጠባዮች መኖራቸውን ገልጿል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአገራችን ንብ ትኮበልላለች፣ ቶሎም ትከፋፈላለች እየተባለ ትወቀሳለች። ነገር ግን በኮበለለች ቁጥር እጭ ማሳደጓ ይቋረጣል፤ ቫሮዋም የሚራባበትን ስፍራ ያጣል። አናቢው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ጠባይ ለንቢቱ ጋሻ ነው ማለት ይቻላል።

በመርሳና በግራና መስኖ አካባቢ ግን የሞተችን ንብ ሁሉ በቫይረስ ማመካኘት ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወረራ ጊዜ እንደ ታየው ርጭት የማይቀርበት ወቅት ይመጣል፤ የአትክልት ተባይ መድኃኒትም ንብን ይገድላል። መርዝ የነካቸው ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይረግፋሉ። በቫይረስ የተጎዱት ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ክንፋቸው ተኮማትሮና ሆዳቸው አጥሮ ይወጣሉ። ማረጋገጫው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

ድጋፍን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተቋቋመው የሆለታ የንብ ምርምር ማእከል ጀምሮ የሳጥን ቀፎ ማስፋፋት ብዙ ተደክሞበታል። በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከልም ለአካባቢው ቅርብ ነው። ሆኖም ባዶ ቀፎ ማደል ለብቻው ንብ እርባታ አይደለም። ቀፎው መንጋ ይፈልጋልና መንጋ ከሩቅ ገበያ ተገዝቶ ሲጓጓዝ ጥገኛውና ቫይረሱ አብረው ይጓዛሉ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የወጣውም ንብን እንደ ሀብት ለመጠበቅ ነው። ስለሆነም በሀብሩ ለሚታደል ቀፎ መንጋው ከዚያው ወረዳ ቢራባ፣ ከሌላ የሚመጣው ቢመረመርና ለብቻው ቢቆይ፣ የልማት ሠራተኛውም የታደለውን ሳይሆን ክረምት ያለፈውን መንጋ ቢቆጥር ይመረጣል።