የእግር አውራ ጣት ሕመምና ሱጁድ



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! አንዲት የበቆጂ እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ጣቴም ወደ ሌሎቹ ተጋድሟል። ሱጁድ ስወርድ ማጠፍ አልችልም። ሰላቴ ተበላሽቷል ወይ?»

እናታችን፣ አልተበላሸም። ሱጁድ የታዘዝነው በሰባት አካላት ሲሆን የእግር ጣቶችም ከነዚሁ ናቸው። ሆኖም አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታሞ ለነበረው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን፣ ቆሞ መስገድ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ፈቅደውለታል። እርስዎም የቻሉትን ጣት ያሳርፉ፤ ያመመዎትን አያስጨንቁ።

ነገር ግን ሰላቱ ስለተገራልን ሕክምናውን አንተው። ሐኪሞች ይህን «ቡኒየን» ይሉታል። ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ራሱ ከቦታው ሲዛነፍ የሚታይ ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይወረሳል፤ ጠባብ፣ ሹልና ባለ ተረከዝ ጫማ ያባብሰዋል። ስለዚህ በምላጭ መቁረጥም ሆነ በወጌሻ ማስጎተት ጉዳት እንጂ ፈውስ የለውም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ይመረጥ። እግርዎን በወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን ይሳሉ፤ ጫማው ከሥዕሉ ከጠበበ አይግዙት። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ግዢው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ጫማ የሚነካውን ቦታ በለስላሳ ነገር ይሸፍኑ፤ ሲያብጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉበት። ይህ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አጥንቱን አያቃናም። የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም ሕመሙ ከሥራና ከመራመድ ሲከለክል እንጂ ለመልክ ተብሎ አይደረግም። በድንገት ቢቀላና ቢያቃጥል ሪህ ወይም ቁስለት ሊሆን ስለሚችል፣ የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው ቢቆስል፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ወገኖቼ! የበቆጂዋ ልጅ ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶን ስታሸንፍ ዓለም አገራችንን በእግር አወቃት። በእነዚያ እግሮች እንኮራለን። ገበያ ወርደው፣ ውሃ ቀድተው ያሳደጉንን የእናቶቻችንን እግር ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ለእናቱ ጫማ የሚገዛ ልጅ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ይመልከት።

ውዱእ ስናደርግ በጣቶቻችን መካከል ውሃ እናዳርሳለን። ጣቶቹ ተደራርበው ከሆነ ለይተን እንጠብ፤ ከዚያም እናድርቅ። በዚያው አጋጣሚ እግራችንን እንይ። ሰውነታችን አማና ነው፤ በኛ ላይ ሐቅ አለው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።