የሰፈር አያያዝና የወንጀል ነገር
በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ሌሊቱን ከተማውን ስትዞሩ የምታድሩት እናንተ ናችሁና ስለ ሰፈራችን ጸጥታ ተናገሩ» ብሎ እኛን ታክሲ ነጂዎችን ጠይቆናል። እኛም ተመካክረን ይህን ቃል ይዘን ቀርበናል።

እኛ ፊላዴልፊያን የምናውቃት በመንገዶቿ ነው። ተሳፋሪ ለማውረድ የማንሰጋበት ጎዳና አለ፤ በሩን ቆልፈን፣ ሞተሩን ሳናጠፋ የምንቆምበትም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ አንድ መስቀለኛ መንገድ ብቻ ነው። የነዋሪው ኑሮ ያው፣ ድህነቱም ያው ነው። የሚለያቸው መብራቱ መሥራት አለመሥራቱ፣ ባዶው ቦታ መጠረግ አለመጠረጉ፣ በረንዳ ላይ ሰው መቀመጥ አለመቀመጡ ነው።

ይህ የእኛ የነጂዎች ግምት ብቻ አይደለም። በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የሚባል፣ ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች የነበሩት የድሆች መኖሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1954 ሰው መግባት ጀመረበት። አሳንሰሩ በየሦስተኛው ፎቅ ብቻ ስለሚቆም ብዙው ነዋሪ በደረጃ ይወጣ ይወርድ ነበር። ደረጃውና ኮሪደሩ የሁሉም በመሆኑ የማንም ሳይሆን ቀረ። የጥገናው ወጪ ከኪራይ የሚሸፈን ነበርና ተከራዩ ሲሸሽ ገንዘቡ አነሰ፣ ጥገናውም ቀረ፣ ሌባና ቀማኛ ነገሠበት። እ.ኤ.አ. በ1972 መፍረስ ጀመረ። ኦስካር ኒውማን የተባለው የሥነ ሕንፃ ምሁር እንደጻፈው ግን፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ዝቅተኛ ቤቶች ባሉት በካር ስኩዌር፣ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ያለ ብዙ ችግር ይኖሩ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ በከተማችን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ ከፍሎ ተመልክቷል። ከፊሉ ቆሻሻው ተነሥቶ ሣርና ጥቂት ዛፍ ተተከለበት፣ በአጭር የእንጨት አጥርም ተከበበ፤ ከፊሉ ተጠረገ ብቻ፤ የቀረው እንዳለ ተተወ። በድሃ ሰፈሮች ውስጥ፣ እንክብካቤ ባገኙት ቦታዎች ዙሪያ የጠመንጃ ጥቃት በ29 ከመቶ ቀነሰ። በኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት መኖሪያ ቤቶች ግቢ ተጨማሪ መብራት ሲተከል፣ ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ የሌሊት ወንጀል 36 ከመቶ ያህል ቀንሷል።

አገር ቤት ሳለን ይህን ማንም አላስተማረንም። ባለሱቁ መንገዱን ያያል፤ ለቡና ጎረቤት ይጠራል፤ እንግዳ ልጅ ሲያልፍ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ለዚህ ነው። እዚህ ግን ከሥራ ገብተን በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን።

ይህን ስንል ፖሊስ በየጥጉ ወጣቱን እያስቆመ ይፈትሽ ማለታችን አይደለም። ፍተሻው ቀድሞ የሚደርሰው በገዛ ልጆቻችን ላይ ነው። መብራት ግን ማንንም አይጠረጥርም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ከአዳራሻችን ጎን ያለው ባዶ ቦታ አሮጌ ጎማና ፍራሽ ሞልቶበታል። የጓሮው መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። እናቶች ከምሽት ስብሰባ እየቀሩ ነው፤ የልጆቹ የማታ አማርኛ ትምህርትም ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንዳንዶች የብረት መዝጊያ ይገዛ ይላሉ። መዝጊያው ወንበሮቻችንን ይጠብቅ ይሆናል፤ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የጓሮው መብራት በዚህ ወር ይጠገን። ሁለተኛ፣ ከባዶው ቦታ ባለቤት ፈቃድ ተጠይቆ ይጠረግ፣ ሣር ይዘራበት፤ ጎረቤቶቻችንም አብረውን እንዲሠሩ ይጋበዙ። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሁለት ሰው በተራ በሩ ላይ ይቁም። የመጀመሪያውን ወር ተራ እኛ ነጂዎች ወስደናል።

አንድ ቀን ጠርጎ መተው ዋጋ የለውም፤ ሣሩም ቆሻሻውም ይመለሳል። ማኅበራችን 10 ዓመት የቆመው መዋጮው በየወሩ ባለመቋረጡ ነው። ሰፈርም የሚጠበቀው እንዲሁ ነው። ትምህርቱ ከመዘጋቱ በፊት በዚህ እንድትወስኑ በአክብሮት እንጠይቃለን።