«ባንዳ» ከመባባል በላ ልበልሃ!

(ውርጌሳ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

የሐብሩ ልጆች!

እናንተ ጦርነትን በዜና አይደለም የምታውቁት። ነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ፣ ከዚያም ውጊያው በዚሁ በውርጌሳና በውጫሌ መስመር ሲመላለስ አይታችኋል። ግን ቁጭ ብለን ተነጋግረንበት እናውቃለን? አንዱ «ያለ ትግል መብት አይገኝም» ሲል «ጦር ናፋቂ» ይባላል። ሌላዋ «ወንድሞቼን መቅበር በቃኝ፣ ድርድር ይቅደም» ስትል «ባንዳ» ትባላለች። ከዚያ ብሎክ። አለቀ!

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ መብት አስቀምጧል። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ጮኸናል። ልክም ነበርን። ታዲያ መንግሥት አፋችንን ሲዘጋ በደል፣ እኛ የወንድማችንን አፍ ስንዘጋ ጀግንነት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

አባቶቻችን በላ ልበልሃ ነበራቸው። ባላጋራዎች ሰው በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ይቆማሉ። ዳኛ ከሌለ መንገደኛውን ዳኛ ያደርጋሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፤ በማር ይወራረዳሉ። እኛ ዛሬ የምናስታውሰው የንግግሩን ውበት ብቻ ነው፤ ተራና ዳኛ እንደነበረው ረስተናል።

እንሞክረው። ጥያቄው አንድ ነው፦ መሣሪያ ወይስ ድርድር፣ በምን ቅድመ ሁኔታ? ሁለት ተናጋሪ፣ ለየአንዳንዱ 10 ደቂቃ። ከመመለስህ በፊት የሌላውን ሐሳብ መልሰህ ትነግረዋለህ፤ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» እስኪልህ ድረስ መልስ የለም። ይቺ ሕግ ቀላል ትመስላለች፤ ግማሹ ጠባችን ግን ማንም ባላለው ነገር ላይ ነው። ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ በ1881 የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ የት እንዳደረሰን ታውቃላችሁ።

በዘር ወይ በሃይማኖት ለይቶ «ግደሉ» ማለት ሐሳብ አይደለም፤ ዳኛው እዚያው ያስቆመዋል። ግን «ጥላቻ» የሚለው ቃል የማንወደውን ሁሉ ማፈኛ እንዳይሆን! የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሲወጣም ብዙዎች የሰጉት ይህንኑ ነበር። ደግሞ ቪዲዮ ቆርጦ መልቀቅ የለም። የተቆረጠች 20 ሴኮንድ ሰው ታሳስራለች።

ሥራ የለንም፣ ጊዜ ግን አለን። ለትግሉ ወገን የሚናገሩ አምስት ልጆች ተመዝግበዋል። ለድርድሩ ወገን ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ «ስሜ ይጠፋል» ነው ያሉኝ። ማነው የሚቆመው?