የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አደረጃጀትና ተዋረዳዊ መለያዎች



አንድ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሊቆም የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ውስጥ ስለ አመዳደብ የሚነሣው ክርክር በአመዛኙ የሚመነጨው ከዚህ ቀላል እውነት ነው። ክብረ ነገሥት ከታሪክ ጎን ይቁም ወይስ ከሃይማኖት፣ ፍትሐ ነገሥት ከሕግ ይሁን ወይስ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚለው ጥያቄ እልባት ያጣው መጻሕፍቱ ስላልታወቁ አይደለም፤ መደርደሪያው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ መቆሚያ ብቻ ስለሚሰጠው ነው።

መጽሐፉ ወደ ኮምፒዩተር በገባ ጊዜ ግን ይህ ገደብ ይነሣል። አንድ ፋይል ካለበት ሳይነቃነቅ በታሪክም፣ በሕግም፣ በግእዝ ሥነ ጽሑፍም ሥር ሊጠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ገደቡ ሲነሣ ሥርዓቱም አብሮ የተነሣ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየምሁሩ ቤት በስካነር የተነሡ መጻሕፍት ተከማችተው ይገኛሉ፤ የፋይሎቹም ስም “ስካን 14”፣ “መጽሐፍ 2”፣ “አዲሱ የመጨረሻው” የሚል ነው። አንባቢ መጥቶ ሲጠይቅ “የለም” ተብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን ከጠያቂው ሁለት ክንድ በማይርቅ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ብራና በእሳት፣ ወረቀት በምስጥ ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል። በኮምፒዩተር ውስጥ መጠሪያ ያጣ መጽሐፍ ግን እንዳለ እየተቆጠረ የጠፋ ነው።

ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተማት 44 ገጽ ያላት አነስተኛ መጽሐፍ ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በአሥር፣ ያንንም በአሥር እየሸነሸነ ቁጥር ሰጠው። የዘዴው ብልሃት ቁጥሩ ራሱ መሰላል መሆኑ ነው። 892.87 የሚለውን ቁጥር የሚያነብ የሙያው ሰው በ8 ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ በ892 ወደ ሴማውያን ልሳናት፣ በ892.8 ወደ ኢትዮጵያ ሴማዊ ልሳናት ወርዶ በመጨረሻው 7 አማርኛ ላይ ይደርሳል። መሰላሉ ግን የተሠራው በሠሪው ቤት ልክ ነበር። ከ200 እስከ 299 ለሃይማኖት ከተመደበው ስፍራ አብዛኛው ለክርስትና ተሰጥቶ፣ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በ290ዎቹ ውስጥ እንዲተፋፈጉ መደረጋቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ሕንዳዊው የሒሳብ መምህር ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ ለንደን ለትምህርት በሄደ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ መሰላል ጥብቀት አላረካውም። የብረት ቁርጥራጮችን በብሎን እያያያዙ ልዩ ልዩ ቅርጽ የሚሠሩበትን መካኖ የተባለ የልጆች መጫወቻ በአንድ ሱቅ አይቶ ሐሳቡ እንደ ተፀነሰ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው የአመዳደብ ዘዴ መጽሐፍን በአንድ መሰላል ከማውረድ ይልቅ ከልዩ ልዩ ወገን እያየ፣ ማለትም ዋናውን ነገር፣ ቁሱን፣ ድርጊቱን፣ ቦታውንና ጊዜውን ለየብቻ እየጠቀሰ አገጣጠመው። በወረቀት ካርድ ዘመን ይህ አድካሚ ነበር፤ ለኮምፒዩተር ግን እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።

በነፃ ከሚታደሉት የዲጂታል መጻሕፍት ማደራጃዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ካሊበር የዲዊን መሰላልና የራንጋናታንን ቁርጥራጮች ባንድነት ለመጠቀም ያስችላል። ባለቤቱ የፈለገውን መለያ ይፈጥራል፤ በመለያው ውስጥም ነጥብ ቢያስገባና ዝርዝሩ በተዋረድ እንዲታይ በማስተካከያው ውስጥ ቢያዝዝ፣ ከነጥቡ በስተግራ ያለው ወላጅ፣ በስተቀኝ ያለው ልጅ ሆኖ ይታያል። “ታሪክ.ኢትዮጵያ.የጎንደር ዘመን” ተብሎ የተጻፈ መለያ በሦስት ደረጃ ይዘረጋል። በፍለጋ ጊዜ ከመለያው ስም በፊት የእኩል ምልክትና ነጥብ ከተጻፈ ያ መለያና ከሥሩ ያሉት ሁሉ ባንድነት ይወጣሉ። በመሆኑም የጎንደርን ዘመን ብቻ የሚሻም፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በሙሉ የሚሻም በአንድ በር ይገባል።

ታዲያ ተዋረዱን ማን ያውጣው? የውጭውን እንዳለ መገልበጥ ቀላል ነው፤ ለሒሳብና ለሕክምና መጻሕፍትም ጉዳት የለውም። በአገር ቤት ዕውቀት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የትርጓሜ መጻሕፍትን ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ብለው በአራት ጉባኤ ከፍለዋቸዋል። በመነኮሳት ሥር ደግሞ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይገኛሉ። ይህ መምህሩም ተማሪውም የሚያውቀው፣ ወንበር የተዘረጋለት ሥርዓት ነው። አንድ የትርጓሜ መጻሕፍት ስብስብ “ትርጓሜ.መነኮሳት.ማር ይስሐቅ” ተብሎ ቢደራጅ ፈላጊው ያለ አስጎብኚ ይደርስበታል። ያንኑ ስብስብ በባዕድ ቁጥር መበተን ግን አንዱን የጉባኤ ቤት ከሦስትና ከአራት ቦታ ማስቀመጥ ይሆናል። ተዋረድ የሚወጣው ከአንባቢው አእምሮ ነው፤ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀው መሰላል ካለ አዲስ መሥራት ድካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ሁሉን ነገር በአንድ ዛፍ ላይ መስቀል ነው። ቋንቋው፣ ቦታው፣ የኅትመቱ ዘመን፣ መጽሐፉ ከማን እንደ ተገኘ ሁሉ ከርእሰ ጉዳዩ ጋር በአንድ ተዋረድ ሲቀላቀሉ ዛፉ ቁጥቋጦ ይሆናል። ካሊበር ባለቤቱ ራሱ የሚፈጥራቸውን ዓምዶች ስለሚቀበል ለእነዚህ ሁሉ የየራሳቸውን ዓምድ መስጠት ይገባል፤ ተዋረዱ ለርእሰ ጉዳይ ብቻ ይቅር። በተለይ ቦታን በአስተዳደር ክፍፍል ማውረድ አደገኛ ነው። ጠቅላይ ግዛት የነበረው ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ክልል የሚለው ስም ጸና። ስለ ከፋ ወይም ስለ ባሌ የተጻፈ መጽሐፍ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቅርንጫፍ እየለወጠ ሊኖር አይችልም። ቦታው በታወቀበት ስሙ ለብቻው ይጻፍ፤ ከማን በላይ ከማን በታች እንደ ነበረ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል።

የዓምዶች ነገር ከተነሣ የዘመን አቆጣጠርን ማለፍ አይቻልም። ሶፍትዌሩ የኅትመት ቀን የሚመዘግበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. መታተሙን አይቶ 1958 ብሎ የሚያስገባ ሰው መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ከታተመ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ጎንም ያሰልፈዋል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የታተመው ዓመት በተለየ ዓምድ እንዳለ ይቀመጥ፤ የተለወጠው ደግሞ በተለመደው ስፍራ ይግባ። እዚህ ላይ ስለ ነጥቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በመለያ ውስጥ “ዓ.ም.” ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ዓመቱን ወላጅ፣ “ም” የምትለዋን ፊደል ልጅ ያደርጋታል። “ዓመተ ምሕረት” ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ፣ አለዚያም ፈጽሞ መተው ይሻላል።

ፍቅር እስከ መቃብር ሌላም ነገር ያሳያል። ካሊበር እንዳለ ሲተው ደራሲን የሚያሰልፈው የመጨረሻውን ስም አስቀድሞ ነው፤ በመሆኑም ሐዲስ ዓለማየሁ “ዓለማየሁ፣ ሐዲስ” ሆነው በዐ ፊደል ሥር ይገኛሉ። ለፈረንጅ የቤተሰብ ስም የሆነው ለእኛ አገር የአባት ስም ነው፤ ደራሲውን ትቶ አባቱን መጥራት በካታሎግ ሥርዓትም በጨዋነትም ነውር ነው። የአገራችን ካታሎግ ሠሪዎች በካርድ ዘመን በራስ ስም የማስገባትን ልማድ ያጸኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማረሚያው በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ አለ፤ ስሙ ሳይገለበጥ እንዳለ እንዲገለበጥ፣ ማለትም እንዲቀዳ ማዘዝ ነው። ይህ የሚደረገው መጻሕፍቱ ከመግባታቸው በፊት ቢሆን ብዙ ድካም ያድናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፊደል ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስፍራ ካገኘ ወዲህ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። “ሥነ ጽሑፍ” የሚለውን ስያሜ ብቻ ብንወስድ፣ በሥ ወይም በስ፣ በጽ ወይም በፅ፣ በሑ፣ በሁ ወይም በኁ ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ሁለቱን ቃላት ገጥሞ የሚጽፍም ስላለ ሃያ አራት ይሆናል። ሦስት ሠራተኞች በየፊናቸው ቢመዘግቡ አንዱ ርእሰ ጉዳይ ሦስት ዛፍ ያበቅላል፤ አንዱን የጠየቀ አንባቢም የሁለቱን መጻሕፍት ሳያይ ይሄዳል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ይቆይ። ለካታሎግ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ መጽናት ነው። የተሳሳተው ከተገኘም በመለያዎች መዝገብ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲታረም በተለጠፈባቸው መጻሕፍት ሁሉ ላይ ስለሚታረም፣ የቆየ ስብስብ ቢሆንም ተስፋ አይቆረጥበትም።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ጥሩ አርአያ ነው። ለእያንዳንዱ ብራና የተሰጠው ተራ ቁጥር ስለ ይዘቱ ምንም አይናገርም። ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይለ ያዘጋጁት ካታሎግ ግን በአንድ ጥራዝ ውስጥ የተጠረዙትን ድርሳን፣ ገድልና ተአምር እየነጠለ ይዘረዝራል። ቁጥሩ መጽሐፉን ያቆማል፤ ዝርዝሩ ያስገኘዋል። ሁለቱን ማለያየት መቻል ዲጂታል ስብስብ ለሚያደራጅ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው።

የተዋረዱ ጥልቀት ከሦስት ደረጃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በአራተኛው ላይ መዝጋቢውም ይሰለቻል፣ ፈላጊውም መንገድ ይስታል። “ልዩ ልዩ” የሚል መለያ ግን ከመጀመሪያው ሊከለከል ይገባዋል። በመዝገብ ቤቶቻችን “ልዩ ልዩ” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፋይል ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ከፍቶ የሚያየውም ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ አባላት ያውቁታል። ያልተወሰነለት መጽሐፍ “ለውሳኔ” በሚል ጊዜያዊ መለያ ይቆይና በየወሩ ይታይ። አዲስ መለያ የመፍጠር ሥልጣንም ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ ሌሎቹ ሐሳብ ያቅርቡ።

የመለያዎቹ ዝርዝር ከነአጻጻፋቸው፣ እያንዳንዱ መለያ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደማያካትት በአጭሩ ተገልጾ በወረቀት ታትሞ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ይቀመጥ። ሠራተኛ ሲዛወር የርክክቡ ሰነድ አካል ይሁን፤ አለዚያ ሥርዓቱ በዘርጊው ጭንቅላት ውስጥ አብሮት ይሄዳል። ካሊበር የመረጃ ቋቱን በአንድ ፋይል፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ መግለጫም በየመጽሐፉ ፎልደር ውስጥ ስለሚያኖር፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ ሰው ስብስቡን በሙሉ እንጂ መጻሕፍቱን ብቻ እየመረጠ መውሰድ የለበትም። ፎልደሮቹንም ከሶፍትዌሩ ውጭ በእጅ ስም መለወጥ አይገባም፤ ቋቱ መጽሐፉን በቀድሞው ስሙ እየፈለገ ያጣዋል።