ያተረፈን ደመ ነፍስ ነው ወይስ ውሳኔ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የሂሳብ ክፍል ሲነሣ ሁላችሁም ቁጥር ትጠብቃላችሁ። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አንደግመውም። ዛሬ የምንናገረው ባለፈው ወር አንዲት እንግዳችን ስለጠየቀችን ጥያቄ ነው። "ያን ሁሉ እንዴት አለፋችሁት?" ስትለን፣ ከመካከላችን አንዲት እናት "እኛ ምን አለፍነው! ነፍስ ናት ጎትታ ያወጣችን" አሏት። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀንም። በእርግጥ ያተረፈን ደመ ነፍስ ብቻ ነው?

ደመ ነፍስን እናውቀዋለን። ሐምሌ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ቆቦ አካባቢ ሲደርስ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ዳግም ሲያገረሽ፣ ብዙዎቻችን ነፍሴ አውጪኝ ብለን ከጎብዬ ወጥተናል። ያኔ ቁጭ ብሎ ያሰበ የለም፤ እግር ከሐሳብ ቀደመ። አንዷ ልጇን አዝላ ስትወጣ ሌላዋ ባዶ ሰፌድ ይዛ ወልድያ ደረሰች። ሰፌዱን ለምን እንዳነሣችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ደመ ነፍስ ከጥይት ያስመልጣል፤ ነገ ምን እንደሚበላ ግን አይነግርም።

ወልድያ ከደረስን በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። ሦስቱ ቁልፍ ያዦቻችን በሣጥኑ የነበረውን ጥሬ ገንዘብ በመቀነታቸው ቋጥረው ወጥተው ነበር። ለሁሉም በየድርሻው ቢከፈል ለማንም አይበቃም። አንዲት እህታችን "የራሴን ቁጠባ ስጡኝ" አለች። እውነቷን ነበር፤ መዝገቡም የእሷ መሆኑን ይመሰክራል። ተቀምጠን ተመካከርን። አራሶችና ሕመምተኛ የያዙ ይቅደሙ ተባለ። እሷም አለቀሰች፣ ቆይታም "እሺ" አለች። ያች "እሺ" ከደመ ነፍስ አልመጣችም። ደመ ነፍስ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ነጥቃ ትሄድ ነበር።

ይህ ለራያ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን የተመረጠውን የማሽላ ራስ ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ይሰቅሉታል። በክፉ ቀን ግን ከነቀዝ ይልቅ የሚከብደው ወደ ላይ የሚያይ የልጅ ዓይን ነው። ሆድ "ፍጪው" ይላል፤ እናት "ለዘር ነው" ትላለች። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ ሳይዘራ ሲያልፍ፣ ገበሬው በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረውም ለዚሁ ነው። ግን ይህን ሁሉ መምረጥ የሚችለው ዘር በእጁ የቀረለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። "መትረፍ ምርጫ ነው" ብለን ብቻ ብናልፍ የሞቱትን እንበድላለን። ጥቅምት 1977 ዓ.ም የቢቢሲ ፊልም ኮረምን ለዓለም ሲያሳይ፣ በዚያ ሜዳ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ከየቀያቸው በእግራቸው የመጡት ለመኖር ወስነው ነው። ብዙዎቹ ወስነውም አልተረፉም። የኖቤል ተሸላሚው ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ የ1965 እና የ1966 ዓ.ምን የወሎ ረሃብ አጥንቶ ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ አካባቢ ይጫን እንደነበር ጽፏል። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውም። እንግዲህ ውሳኔ መነሻ ይፈልጋል። ዘር የሌላት እናት ዘር ላስቀምጥ ብላ አትመርጥም።

የራሳችንን ጥፋትም እንናገር። ከስደት በተመለስን ዓመት አንዲት አባላችን ለዘር መግዣ ብድር ጠየቀችን። መመሪያው ዋስ ይላል፤ እሷ ዋስ አልነበራትም። እኛ መዝገቡን ገልጠን "አይፈቀድም" አልናት። የምትታለብ ላሟን ሮቢት ገበያ ወስዳ ሸጠች። በዚያ ዓመት የእኛ ሂሳብ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የእሷ ቤት ግን ጎደለ። ሣጥን መጠበቅና ሰው መጠበቅ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተማርን።

ዛሬ ከቀረቡት አጀንዳዎች አንዱ "የክፉ ቀን ተቀማጫችን ለበዓል ይከፋፈል" የሚል ነው። ኑሮ ተወዷል፤ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። እኛም ዘይትና በርበሬ እንገዛለን። ቢሆንም አንከፋፈለው እንላለን። ተከፋፍሎ ለየቤቱ የሚደርሰው ከበዓሉ ማግሥት አያልፍም። አንድ ላይ ሲሆን ግን የአንዲት ሴት ላም ከመሸጥ ያድናል። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዋስ ላጣች አባል ቡድኗ ዋስ ይሁናት። ሁለተኛ፣ ሣጥኑ የሚከፈትባቸው ምክንያቶች ዛሬ በግልጽ ይጻፉ፦ ዘር፣ ሕክምና፣ ስደት። በጭንቅ ሰዓት ተሰብስቦ መከራከር እንዳይኖርብን ነው።

ቅሬያችንን አስቡት። ማን መቼ እንደሚሞት ሳናውቅ ለቀብር አስቀድመን እናዋጣለን። ለመኖርስ አስቀድመን ብናዋጣ ምን ይከብደናል? ደጋፊዎቻችንም ይህን ልብ በሉልን። ችግር ከገባ በኋላ የሚመጣ እህል ነፍስ ያድናል፤ እናመሰግናለን። ከችግሩ በፊት ተቀማጩን የምታጠናክሩልን እርዳታ ደግሞ ለሴቲቱ የምትመርጥበት ጊዜ ይሰጣታል።

እናታችን፣ እውነትዎን ነው። ከጎብዬ ጎትታ ያወጣችን ነፍስ ናት። ወልድያ ላይ አንድ ላይ ያቆየን ግን ያች "እሺ" ናት። አሁን ድምፅ ስንሰጥ፣ ገና ላልመጣው ክፉ ቀን ዛሬ ጠግበንና ተረጋግተን እየወሰንን መሆኑን አንርሳ።